ስለ ብራና መጻሕፍትና ስለ ኮምፒዩተር ፊደል

ይህን የመታሰቢያ መጽሔት እንድናዘጋጅ የተመረጥን ተማሪዎች በመጀመሪያ ያደረግነው ከዚህ በፊት የወጣውን የት/ቤታችንን መጽሔት መፈለግ ነበር። የታተመው ቅጂ ጠፍቶ ጽሑፉ ግን በአንድ አሮጌ ሲዲ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ደስ ብሎን በኮምፒዩተር ብንከፍተው ያየነው ሁሉ የላቲን ፊደልና የቅንፍ ምልክት እርስ በርሱ ተደበላልቆ ነው እንጂ አንድ እንኳ የአማርኛ ቃል አልነበረበትም። ከተጻፈ ገና 20 ዓመት ያህል ቢሆነው ነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከታሪክ መምህራችን ጋራ ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግረን፥ በዑራ ኪዳነ ምሕረት አንድ የብራና መጽሐፍ ተገልጦ አየን። (ቅርብ ወደ ሆነው ወደ ክብራን ገብርኤል ያልሄድነው በገዳሙ ሥርዓት ሴቶች ስለማይገቡ፥ ከመካከላችንም እኩሌቶቹ ሴቶች ስለሆንን ነው።) መጽሐፉን ያሳዩን አባት እጅግ የቈየ መሆኑን ነገሩን፤ ድቁና የተማረው ጓደኛችን ግን ሳይደናቀፍ አነበበው። እንግዲህ ያ ሲነበብ የ20 ዓመቱ የማይነበብበት ምክንያት ምን ይሆን ብለን መጠየቅ ግድ ሆነብን።

የብራና ጸሐፊ ሥራውን የሚጀምረው በመጻፍ አይደለም። የፍየሉን ቆዳ ነክሮ፥ በመወጠሪያ ላይ ወጥሮ፥ ሥጋውንና ጠጉሩን ፍቆ ካደረቀ በኋላ ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጋል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳም ያለ ቀለም ያሰምራል። ከዚህ የተነሣ የዓምዱ ስፋትና የመስመሩ ብዛት አንዲት ፊደል ሳትጻፍ አስቀድሞ የተቈረጠ ነው። ኅዳጉንም ሰፋ አድርጎ ይተወዋል፤ የኋላ ሰው የሚያርመው ወይም የሚጨምረው ቢኖር በዚያ ይጽፋል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት የሚሠራ ስለሆነ ብርሃን አያደበዝዘውም። ጥራዙ በእንጨት ገበታ ተይዞ በማኅደር ይከተታል። ጀርመናዊው ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 የክብራንን መጻሕፍት ዝርዝር አሳትሞ ለዓለም ሊያሳውቅ የቻለው፥ ጸሐፊዎቹ ካለፉ ከብዙ ዘመን በኋላም ሥራቸው ስለቈየው ነው።

ፊደላችን ወደ ኮምፒዩተር የገባው በ1980ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሲሆን፥ በአሜሪካ ከነበሩት ጀማሪዎች መካከል አቶ ፍሥሐ አትላውና ዶክተር አበራ ሞላ ይገኛሉ። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቍጥር ነው። የዚያ ዘመን ፎንት ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነበረው፤ ከዚያም ከፊሉ ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዘ ነበር። የእኛ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል፤ ዲቃላው፥ አኃዙና ነጥቡ ሲጨመር ቦታው አልበቃም። ስለዚህ አንዱ ሠሪ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው አካሉን ከቅጥያው ለይቶ አስቀመጠው፤ ሁሉም በላቲኑ ቍጥር ላይ በየራሱ ተራ የእኛን ፊደል ሥዕል አሰፈረበት። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበበው በዚህ ነው። የሠሩትን ሰዎች አንወቅስም፤ በዚያን ጊዜ ጋዜጣና መጽሐፍ በቶሎ ማተም ያስፈልግ ነበር። ነገር ግን ሲነደፍ «ይህ ከ20 ዓመት በኋላ በምን ይነበባል?» ብሎ የጠየቀ ብዙ ሰው አልነበረም ብለን እንገምታለን።

ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ያሰበው ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደሎች መዝገብ ነው። በ1999 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በ3.0 እትሙ ለፊደላችን 345 ቍጥሮች ሰጠ። አደራደሩ ስምንት ስምንት ሆኖ በየረድፉ ነው፤ ፊደል በሌለበት ቦታው ባዶ ተተወ። በ«ሀ» ረድፍ መጨረሻ የነበረው ባዶ ቦታ በ2005 «ሇ» የተባለው ፊደል ሲጨመር ተሞላ፤ «ቇ»ም እንዲሁ። ከቀድሞዎቹ አንድ እንኳ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ምክንያቱም በዩኒኮድ አንድ ጊዜ የተሰጠ ቍጥር ፈጽሞ አይነሣም። የብራናው ኅዳግ ትዝ አለን።

በ2014 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በስዊድን አገር በካርልስክሩና የተሰበሰቡ የሶፍትዌር ሊቃውንት የሥራው ዘላቂነት ከንድፉ መጀመሪያ መታሰብ አለበት የሚል መግለጫ አረቀቁ። የዘጌ ጸሐፊ ቢሰማ አዲስ ነገር ነው ባላለም ነበር።

በ1955 ዓ.ም. ፖሊቴክኒክ ተብሎ የተከፈተው ተቋም ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ የሶፍትዌር ምሕንድስና ያስተምራል። በዚያ የሚማር የአንዲት ጓደኛችን ወንድም የአሮጌውን ፎንት ተራ ከዩኒኮዱ ጋራ አንድ በአንድ የሚያገናኝ ሠንጠረዥ ሠራልን፤ ጽሑፉም ተነበበ። ትምህርት ቤታችንን የመሠረቱት መምህራን ስም ዝርዝር የተገኘው በዚህ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ግን በግእዝ አኃዝ በሁለተኛ ፎንት ተጽፈው ስለ ነበርና ያ ፎንት የትኛው እንደ ሆነ ስላልታወቀ እስከ ዛሬ አልተነበቡም። በዚህ መጽሔት መጨረሻ የመምህራኑ ስም ያለ ዓመት የወጣው ስለዚህ ነው፤ ዓመቱን የሚያስታውስ ወላጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ ቢኖር ለት/ቤቱ ጽሕፈት ቤት እንዲነግርልን በትሕትና እንለምናለን።