የመስታወት መጥረጊያ ታሪክ፤ ከሰው እጅ እስከ ኤሌክትሪክ ዓይን



በክረምት ወራት ከመሥሪያ ቤት ወጥታችሁ በአዲስ መኪና ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ የምታዩትን አንድ ትንሽ ነገር በማስታወስ የዛሬውን ንግግር እንጀምራለን። ዝናቡ ማካፋት ሲጀምር ሾፌሩ ምንም ሳይነካ የፊት መስታወቱ መጥረጊያ በገዛ ራሱ ተነሥቶ መመላለስ ይጀምራል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ከወጣች በኋላም ይኸው መጥረጊያ ደረቁን መስታወት ሲፍቅ ይታያል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የጭነት መኪና የረጨው ጭቃ የሾፌሩን ዓይን ጋርዶት ሳለ መጥረጊያው ጸጥ ብሎ ይተኛል። ይህ ብስጭት ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ነገሩን ከመነሻው መመልከት ያስፈልጋል። ዘመኑን የምንጠቅሰው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሚስ ሜሪ አንደርሰን የተባሉ የአላባማ ሰው የኒው ዮርክን ከተማ ሲጐበኙ፣ የትራሙ ነጂ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መስታወቱን ስለ ሸፈነበት በዚያ ብርድ መስኮቱን ከፍቶ ሲነዳ ተመለከቱ። ከዚህ ተነሥተው ከውስጥ በእጅ በሚንቀሳቀስ ማንሻ ከውጭ ያለውን ባለ ጐማ ክንድ የሚያመላልስ መሣሪያ ፈጠሩ፤ የፈጠራ መብቱም ኖቬምበር 10 ቀን 1903 ዓ.ም. ተሰጣቸው። በ1905 ዓ.ም. መብቱን እንዲገዛቸው የጠየቁት አንድ የካናዳ ድርጅት ግን ለንግድ የሚሆን ዋጋ የለውም ብሎ መለሰላቸው። የመብቱ ዘመን በ1920 ዓ.ም. ሲያበቃ ከፈጠራቸው ሳይጠቀሙ ቀሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በሚስ አንደርሰን መሣሪያ መስታወቱን የሚያየው ዓይንና ማንሻውን የሚስበው እጅ የአንድ ሰው ነበሩ። መቼ መጥረግ እንደሚገባ የሚወስነውም ያው ሰው ነበር።

ከዚያም እጅን ለማሳረፍ ሲባል ሥራው ለሞተሩ ተሰጠ። ለብዙ ዓመታት የተለመደው መጥረጊያ የሚንቀሳቀሰው የመኪናው ሞተር አየር ሲስብ በሚፈጠረው ኃይል ነበር። ይህ ዘዴ ርካሽ ቢሆንም አንድ ክፉ ጠባይ ነበረው። ሾፌሩ ዳገት ለመውጣት ወይም ሌላውን ለመቅደም ነዳጅ በብዛት ሲሰጥ የአየሩ ስበት ስለሚቀንስ መጥረጊያው ይዘገያል፤ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ ይቆማል። ይኸውም የጠራ እይታ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ማለት ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው መጥረጊያ በመጨረሻ ይህን ጉድለት አስወገደው።

ሆኖም የኤሌክትሪኩ መጥረጊያ ያለ ዕረፍት ከመመላለስ በቀር ሌላ ስለማያውቅ ለካፊያ ዝናብ አይመችም ነበር። መፍትሔውን ከፈለጉት አንዱ ሚስተር ሮበርት ከርንስ የተባሉ አሜሪካዊ መሐንዲስ ናቸው። በ1953 ዓ.ም. በሠርጋቸው ሌሊት የሻምፓኝ ጠርሙስ ቡሽ ተፈናጥሮ ግራ ዓይናቸውን ስላጠፋው የዓይን ነገር ዘወትር ያሳስባቸው ነበር። የዓይን ቆብ ያለማቋረጥ እንደማይርገበገብ፣ ጥቂት ዐርፎ አንድ ጊዜ እንደሚከደን አስተውለው እየቆየ የሚጠርግ መሣሪያ ሠሩ፤ በዲሴምበር 1964 ዓ.ም. የመብት ማመልከቻ አቀረቡ። ሥራቸውን ለፎርድ ኩባንያ ካሳዩ በኋላ ኩባንያው ያለ እርሳቸው ፈቃድ ተጠቀመበት በማለት በ1978 ዓ.ም. ከሰሱ። በ1990 ዓ.ም. ፎርድ 10.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ታረቃቸው፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ክራይስለርን ረቱ። በክርክሩ መካከል ግን ትዳራቸው ፈርሶ ነበር።

ከዚህ በኋላ የቀረው ውሳኔው ራሱ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ሲትሮኤን ባወጣው ኤስ ኤም በተባለው መኪና መጥረጊያው የመስታወቱን እርጥበት በራሱ ይለካ ነበር፤ ደረቅ መስታወት መጥረጊያውን ስለሚይዘውና ሞተሩ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ መሣሪያው ይህን አይቶ ቀጣዩን ጠረጋ ያዘገያል። ዛሬ የተለመደው ሴንሰር ደግሞ በብርሃን ይሠራል። ለሰው ዓይን የማይታይ ብርሃን ከውስጥ በሰያፍ ወደ መስታወቱ ይላካል። መስታወቱ ደረቅ ከሆነ ብርሃኑ ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ የውሃ ጠብታ ካለበት ግን ከፊሉ ወደ ውጭ ያመልጣል። የተመለሰው ብርሃን ባነሰ ቁጥር መጥረጊያው ይፈጥናል።

የብስጭቱ ምንጭ እዚህ ላይ ነው። ይህ የኤሌክትሪክ ዓይን የሚመለከተው ከኋላ ማሳያው መስተዋት ጀርባ ያለችውን ጠባብ ስፍራ ብቻ እንጂ በሾፌሩ ፊት ያለውን መስታወት ሁሉ አይደለም። በዚያች ስፍራ ላይ ቆሻሻ ቢያርፍ ዝናብ ይመስለዋል፤ ከእርሷ ውጭ ያለው ጭቃ ግን አይታየውም። መስታወቱ ተለውጦ ሴንሰሩ በሚገባ ካልተለጠፈና በመካከሉ አየር ከገባ ፍርዱ ይዛባል። ስለዚህ መጥረጊያ ያስቸገራችሁ ሁሉ አስቀድማችሁ ይህችን ስፍራ አስጠርጉ፤ ጋራዡም አለጣጠፉን ይመርምር።

አንዳንድ ፋብሪካዎች፣ ለምሳሌ ቴስላ፣ ይህን ሴንሰር ትተው ሥራውን ለካሜራ ሰጥተዋል፤ የመጥረጊያውን ፍጥነት የሚለውጠውንም ቁልፍ ወደ መስታወት ሰሌዳ አዛውረዋል። በጀርመን አገር አንድ የቴስላ ነጂ በኃይለኛ ዝናብ ፍጥነቱን በሰሌዳው ላይ ሲያስተካክል ከመንገድ ወጥቶ ከዛፎች ጋር ተጋጨ። በካርልስሩኸ ያለው የይግባኝ ፍርድ ቤት በማርች 2020 ዓ.ም. የገንዘብ መቀጮውንና የአንድ ወር የመንዳት እገዳውን አጸና። መሣሪያው እንዲህ ሆኖ ተሠርቷል የሚለው ምክንያት ነጂውን አላዳነውም።

እንግዲህ በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ይህ ፍርድ እንግዳ አይሆንብንም። አንድ ሹም ሥራውን ለበታቹ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ስለ ሥራው መጠየቁን ግን ሊያስተላልፍ አይችልም። መጥረጊያውም እንደዚሁ ነው። ከእጅ ወደ ሞተር፣ ከሞተር ወደ ሴንሰር፣ ከሴንሰር ወደ ካሜራ ሲተላለፍ ድካማችን ቀሎልናል። ሆኖም መንገዱን አይቶ የመንዳት ግዴታ ዛሬም በሾፌሩ ላይ ነው። የሚያስመሰግነው መሣሪያ ሥራችንን የሚያቃልልልን ብቻ ሳይሆን በተሳሳተ ጊዜ ዓይናችንን ከመንገድ ሳናነሣ በእጃችን ልናዘው የምንችለው ነው።