በድንበር ላይ የሚሠራ ድምፅ፦ ሲንተሰይዘር፣ ቅኝትና የፈጠራ መንጠፍ በገዳሪፍ አካባቢ

ከፋብሪካ የሚወጣ ኪቦርድ ሁለት ነገር አስቀድሞ ተወስኖለት ወደ ገበያ ይደርሳል። የመጀመሪያው፣ አንድ ኦክታቭ በዐሥራ ሁለት እኩል እርከኖች መከፈሉ ነው፤ በመለኪያው ቋንቋ እያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት፣ ኦክታቩ 1200 ሴንት ነው። ሁለተኛው፣ አብረው የሚጫኑት የከበሮ ምቶች በአብዛኛው በአራት የሚቆጠሩ የአውሮፓ፣ የአሜሪካና የላቲን የዳንስ ምቶች መሆናቸው ነው። ይኸው ኪቦርድ በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ወይም ወድ ኤል ሒለው ውስጥ ለሰርግ ሲሰለፍ ሁለቱም ውሳኔዎች ይፈተናሉ። የአካባቢው ዜማ በአምስት ድምፅ የሚሄድ ነው፤ ጭፈራውም ብዙ ጊዜ በስድስት ይቆጠራል። ስለዚህ እዚያ ድምፅ መንደፍ ማለት በቅድሚያ መሣሪያውን ከተወሰነለት ማላቀቅ ነው።

ወድ ኤል ሒለው የተከዜ የታችኛው ክፍል በሆነው በሰቲት ወንዝ አጠገብ ትገኛለች። በ1980ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከድንበሩ ወዲህ የተሰደዱ ሰዎች ከሰፈሩባቸው የምሥራቅ ሱዳን ቦታዎች አንዷ ነበረች። ኅዳር 2020 ላይም በአቅራቢያዋ ባለችው ሐምዳየት በኩል ሌላ የስደተኞች ማዕበል አልፏል። ከስደቱ ውጭ ደግሞ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ በመተማና በሁመራ በኩል ሲመላለስ የኖረ ሠራተኛ አለ። ሰው በተመላለሰ ቁጥር ዜማ ይመላለሳል፤ የጥላሁን ገሠሠ ዘፈን በሱዳን፣ የመሐመድ ወርዲ ዘፈን በኢትዮጵያ አድማጭ ያላጣው አምስቱ ድምፆች ለሁለቱም ወገን ጆሮ እንግዳ ስላልሆኑ ነው። የድንበሩ የኪቦርድ ሙዚቃ የበቀለው ከዚህ መመላለስ ነው፤ የዋና ከተማ ስቱዲዮ ውጤት አይደለም።

በዚህ አካባቢ ከሚታወቁት ተጫዋቾች ስሙ ከሱዳን ውጭ የደረሰው ጃንትራ ነው። በገዳሪፍና በድንበር አካባቢው በአልፋሽጋ ግብዣዎች ላይ የሚጫወት የኪቦርድ ሰው ሲሆን፣ ጃግላራ የሚባለው የአጨዋወት ስልቱ በ2023 በኦስቲናቶ ሬከርድስ አማካይነት በአልበም ወጥቷል። ያማሃ ኪቦርዱ እሱ የሚፈልጋቸውን ቃናዎችና የሱዳንን ምቶች እንዲያወጣ የተስተካከለው በኦምዱርማን ገበያ የኪቦርድ ባለሙያዎች እጅ ነው። ጃንትራ ርእስና መጨረሻ ያለው ዘፈን ይዞ አይቀርብም። ግብዣው እስከዘለቀ ድረስ አንዱን ሐረግ ከሌላው እያያያዘ ይጫወታል። አልበሙ ሲዘጋጅ ከኪቦርዱ የወጡት ዜማዎችና ምቶች የተነካውን ቁልፍ በሚመዘግበው በሚዲ መረጃ ተነጥለው፣ ከቀድሞ ቅጂዎቹ ጋር ተዋሕደው፣ መነሻና መድረሻ ያላቸው ሥራዎች ሆነዋል። ይህ አካሄድ ስለ ፈጠራ መንጠፍ፣ ማለትም ስለ ሐሳብ መድረቅ፣ ለሚጠይቅ ሰው ብዙ ስለሚናገር ከታች እንደገና ይነሣል። አስቀድሞ ድምፁ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የሚነካው ቅኝቱ ነው። ትዝታ ከዶ ቢነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል። አንቺሆዬ ግን ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ተብሎ ሲጻፍ ወረቀቱ ከሚያሳየው በላይ ይሸሽጋል፤ ማሲንቆ የሚመታ ሰው ጣቱን የሚያሳርፍባቸው ቦታዎች ከፒያኖው ቁልፍ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላሉ፣ ከተጫዋች ተጫዋችም ይለያያሉ። ብዙ ከነምታቸው የሚሸጡ አሬንጀር ኪቦርዶች እያንዳንዱን ድምፅ በሴንት ለይቶ ማስተካከያ አላቸው። ለዐረብ ገበያ የተሠሩት ደግሞ ሩብ ድምፅን በአንድ ቁልፍ ይሰጣሉ። ቅኝቱን በመሣሪያው ውስጥ አስተካክሎ ማስቀመጥ ዜማውን በፒች ቤንድ ጎማ ከመጎተት ይሻላል፤ ጎማውን የሚያሽከረክረው እጅ ለማስዋብ ነጻ ይሆናልና። ከድምፅ ንድፍ ሥራ ሁሉ አድካሚነቱ አነስተኛ፣ ውጤቱ ግን ትልቁ ይህ ነው። ሆኖም በስቱዲዮዎች ዘንድ እጅግ የሚዘነጋውም እሱ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የድምፁ ቅርጽ ነው። ማሲንቆን በሲንተሰይዘር ለመቅረብ የሚነሣው ከመጋዝ ጥርስ ሞገድ ነው፤ የጭራው ደጋን ክሩን እየያዘ ስለሚለቅቅ የሚፈጠረው ሞገድ በቅርጹ ለዚያ ይቀርባል። ነገር ግን ሞገዱ ብቻውን የማሲንቆ ድምፅ አይሆንም። ቆዳ የለበሰው ሳጥን አንዳንድ ድግግሞሾችን እያጎላ ሌሎቹን ስለሚያፍን፣ በሁለት ወይም በሦስት ጠባብ ፊልተሮች ያንን የአፍንጫ ቃና ማምጣት ያስፈልጋል። መሣሪያው በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ እንዲያወጣ ይደረጋል፤ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው ሲታለፍም ድምፁ እንዲንሸራተት ይታዘዛል። ንዝረቱ ደግሞ ከድምፁ ጋር አብሮ መጀመር የለበትም፤ ትንሽ ዘግይቶ መግባት አለበት። ዘፋኝም ሆነ ማሲንቆ ተጫዋች ድምፁን መጀመሪያ ያቀናል፣ ከዚያ ያንቀጠቅጠዋል።

ክራር ሌላ ጠባይ አለው። ኬቪን ካርፕለስና አሌክስ ስትሮንግ በ1983 ያሳተሙት ዘዴ ለእሱ የተሠራ ይመስላል፦ አጭር የጩኸት ብልጭታ በመዘግያ ዑደት ውስጥ ይዞራል፣ በዞረ ቁጥር ደግሞ ከፍተኛ ድግግሞሾቹ እየደከሙ ይሄዳሉ፣ እንደ ተነካ ክርም ይከስማል። በሰከንድ 44,100 ናሙና በሚነበብበት ሥርዓት ዑደቱ 200 ናሙና ያህል ሲረዝም የሚሰማው ድምፅ 220 ኸርዝ አካባቢ ነው። ክራርን ክራር የሚያደርገው ግን የቀረው ክፍል ነው። በግርፍ ሲመታ ቀኝ እጅ ሁሉንም ክሮች በአንድ ጊዜ ይጠርጋል፣ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ያፍናሉ። ታፍኖ የሚሰማው ደረቅ «ጭቅ» ከዜማው እኩል ምቱን የሚሸከም በመሆኑ፣ ንድፉ ከሚዘፍኑት ክሮች ጎን በጣም አጭር የታፈነ ድምፅ ካልጨመረ ውጤቱ ጊታር መሰል ይሆናል። ብዙ የኪቦርድ «ክራሮች» የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

ዋሽንትን ለማግኘት ለስላሳ ሞገድና የተጣራ የትንፋሽ ድምፅ ይበቃል። ትንፋሹ ከዜማው ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሰከንድ ቀድሞ እንዲገባ ማድረግ ነው ምስጢሩ። በገና ግን ይከብዳል። ዐሥሩ አውታሮች በመቀመጫቸው ላይ ካለው የቆዳ ቁራጭ፣ ከእንዝራው፣ ጋር ስለሚነካኩ የሚነዝረው ድምፅ ራሱ ሕይወት አለው። በዲጂታል መንገድ ሲሞከር ሞገዱ ከተወሰነ ከፍታ ሲያልፍ ብቻ የሚያዛባው ማዛቢያ ይገባል። በደንብ ከተሠራ ድምፁ ሲደክም ንዝረቱም እየሳሳ ይሄዳል፤ ካልተሠራ እንደ ተቀደደ ድምፅ ማጉያ ይሰማል።

ይሁንና የነባሩን መሣሪያ ድምፅ መምሰል ብቸኛው መንገድ አይደለም። ዋልያስ ባንድን ይመሩ የነበሩት ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዘው እዚያው ከቀሩ በኋላ፣ በ1985 «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን አልበም ሠርተዋል። በውስጡ አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሰይዘር፣ ያማሃ ዲኤክስ7 እና ድራም ማሽን አሉ። ዲኤክስ7 በ1983 ገበያ ላይ የዋለ ነው፤ መሠረቱ ጆን ቻውኒንግ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የደረሰበት አንዱን ሞገድ በሌላው ሞገድ የማናወጥ ስልት ነው። ስድስት ሞገድ አመንጪዎች በ32 ዓይነት አሰላለፍ ይጣመሩበታል። የሁለቱ ሞገዶች ጥምርታ ሙሉ ቁጥር ሲሆን ድምፁ ዜማዊ ይሆናል፣ ከሙሉ ቁጥር ሲያፈነግጥ ደወል ወይም ብረት ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቅንብር በጠባብ መስኮት አንድ በአንድ የሚለወጥ በመሆኑ አብዛኛው ተጠቃሚ ፋብሪካው የጫነውን ይጫወታል። በ«ሸሞንሟናዬ» የሚሰማው ብስለት ድምፆቹ ብርቅ ስለሆኑ አይደለም። የተለመዱት ድምፆች ከቅኝቱ፣ ከአኮርዲዮኑ ትንፋሽና ከማሽኑ ምት ጋር አዲስ ዝምድና ስለያዙ ነው። አልበሙ በ2013 ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለ አሳታሚ እንደገና ሲወጣ የዓለም አድማጭ ያገኘው ይህን ነው።

ለፈጠራ መንጠፍ ዋናው ምክንያት እዚሁ ውስጥ ይገኛል። የዛሬ ኮምፒውተር ለአንድ ባስ ሺህ ድምፅ ያቀርባል። አቀናባሪው ሲመርጥ ይውላል፣ ምርጫው ሲበዛ ደግሞ አንዱም አያረካውም፣ ማስተካከሉ መጻፉን ይተካዋል። ብዙ ጊዜ «ሐሳብ አጣሁ» ተብሎ የሚነገረው ችግር በእርግጥ የመወሰን ችግር ነው። በአንድ ኪቦርድ የሚሠራ የገዳሪፍ ተጫዋች ምርጫው አስቀድሞ በገበያው ባለሙያ ተዘግቶለታል፤ የሚቀረው መጫወት ብቻ ነው። ድህነትን ማሞገስ አያስፈልግም፣ የተሻለ መሣሪያ ቢያገኝ ማንም አይጠላም። ሆኖም ገደቡ የሚሰጠው ጥቅም እውነተኛ ነው፤ በፈቃድም ሊፈጠር ይችላል።

በኢትዮጵያ ያሉት ነባር ትምህርቶች ገደብን ሲጠቀሙበት ቆይተዋል። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ሁለት ቤት ብቻ ነው፣ ልኩም የታወቀ ነው፣ ነገር ግን ቅኔው ከዚያ በፊት ያልተሰማ መሆን አለበት። ሁሉ ነገር የተፈቀደ ቢሆን ተማሪው የት ይጀምራል? አዝማሪ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው፦ የጠጪው «ተቀበል» የሚለው ጥሪ የሚቀጥለውን ግጥም ያቀብለዋል፤ ባዶ ገጽ ፊት አይቀመጥም። ብራየን ኢኖና ፒተር ሽሚት በ1975 ያሳተሙት የመመሪያ ካርድም ያንኑ በሌላ መንገድ ይሠራል፤ ከሠሪው ውጭ የመጣ ትእዛዝ ሥራውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይገፋዋል። ለጃንትራም ቢሆን መሪው ጨፋሪው ነው። ሰው ሲሞቅ ሐረጉ ይደጋገማል፣ ሲቀዘቅዝ ይለወጣል።

ከዚህ የሚወጣው አሠራር ቀላል ነው። ድምፅ የሚነደፍበት ጊዜ ዜማ ከሚጻፍበት ጊዜ ይለያል፤ በአንደኛው ቀን ከአምስት የማይበልጡ ድምፆች ተሠርተው ስም ይሰጣቸዋል፣ በማግስቱ ከእነሱ ውጭ ምንም አይከፈትም። ዜማው ሲደናቀፍ ድምፁን ከመነካካት ቅኝቱን መቀየር ይበልጣል፦ በትዝታ የተጻፈ ሐረግ ወደ ባቲ ሲዛወር ሌላ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። ምቱ በስድስት ሲቆጠር ኮምፒውተሩ ቀጥ እንዲያደርገው አለመፍቀድም ይረዳል፤ ችክችካ የሚደነስበት ከመስመሩ በትንሹ ስለሚያፈነግጥ ነው። ለተጠራጠሩበት ድምፅ ደግሞ ወደ ኦዲዮ ቀይሮ ፋይሉን መዝጋት ፍርድ ነው፤ ተመልሶ መጠገን ስለማይቻል ወደ ፊት ብቻ ይኬዳል። ረጅም ጨዋታ ቀድቶ ኋላ ላይ መቁረጥ፣ ለጃንትራ አልበም እንደተደረገው፣ ከሁሉ ይልቅ ለታሰሩ እጆች ይመከራል። ሲጫወቱ መፍረድን ያቆማሉ፣ ሲቆርጡ መጫወትን ያቆማሉ።

በአዲስ አበባና በውጭ ያለው ትውልድም በየራሱ መንገድ ተመሳሳይ ጥያቄ ነክቷል። ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ ስልቱን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ይለዋል፤ ሚካኤል ሰይፉ በ2016 «ዘላለም»ን አውጥቷል፤ ሮፍናን በ2018 «ነጸብራቅ»ን ይዞ ትልቅ አድማጭ አግኝቷል። እነዚህ ሥራዎች ከድንበሩ ኪቦርድ የሚለዩት በስቱዲዮ ብቻ አይደለም፦ ኮምፒውተር ላይ የተሠራው ድምፅ በፋይል ይቀመጣል፣ በማንኛውም ስፍራ ይከፈታል። በኦምዱርማን ገበያ የተስተካከለ ኪቦርድ ድምፁን በራሱ ማኅደረ ትውስታ ነው የሚይዘው። በሚያዝያ 2023 በጀመረው ጦርነት ኦምዱርማን የጦር ሜዳ ሆና ነበር፣ ገዳሪፍ ደግሞ ከጦርነቱ የሸሸ ሕዝብ መጠጊያ ሆነች። ስለዚህ የተስተካከሉትን ቅኝቶች፣ ምቶችና ቃናዎች ከየመሣሪያው ወደ ሚሞሪ ካርድ ማውጣትና በሚዲ መመዝገብ ለአጥኚዎችም ለተጫዋቾችም አስቸኳይ ሥራ ነው። ምዝገባው የእያንዳንዱን ድምፅ የሴንት ማስተካከያ፣ የኢንቨሎፑን (የድምፁን አነሣስና አከሳሰም) ጊዜያት፣ የምቱን ፍጥነትና ከመስመር ማፈንገጡን ካልያዘ፣ የሚቀረው ዜማውን ብቻ የሚያሳይ የዶ ሬ ሚ ጽሑፍ ነው።