አሚሎይድ

አሚሎይድ ቅርጻቸውን የሳቱ ፕሮቲኖች ተጣብቀው የሚሠሩት ጠንካራ ቀጭን ክር ነው። በአልዛይመር ሕመም በአንጎል ውስጥ ይከማቻል።

ፕሮቲን ውሃ የሚሸሹ ክፍሎቹን ብዙውን ጊዜ ወደ ውስጥ አጥፎ ይይዛል። እጥፋቱ ሲፈታ እነዚህ ክፍሎች ተጋልጠው ከሌላ ሞለኪውል ጋር ይጣበቃሉ። የመጀመሪያው ስብስብ ለመፈጠር ይዘገያል፤ ከተፈጠረ በኋላ ግን ሌሎቹ በጫፉ ላይ በፍጥነት ይደረደራሉ።

51 አሚኖ አሲዶች ያሉት ኢንሱሊን ሲሞቅና ሲናጥ እንዲህ ይሆናል። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል። መርካቶ አጠገብ ካለው አውቶቡስ ተራ ተነስቶ ወደ ቆላ አገር የሚጓዝ መድኃኒት ግን ሙቀቱም መንገጫገጩም ያገኘዋል። ፍሪጅ በሌለበት እርጥብ የሸክላ ዕቃ በትነት ያቀዘቅዘዋል። ጥርት ማለት የሚገባው መደበኛ ኢንሱሊን ከደፈረሰ አይወጉትም (ኤንፒኤች የሚባለው ዓይነት በተፈጥሮው ደፍራሳ ነው)። አንዴ የተሠራውን ክር ማቀዝቀዝ አይፈታውም።