ለተራቆተ የራስ ቅል ደም ከየት ይምጣ?

የራስ ቆዳ የአጥንቱን ስስ ሽፋን ጭምር ይዞ ቢገፈፍ፣ ከጭን ቆዳ ወስዶ መለጠፍ አይበቃም። ለምን? የተለጠፈ ቆዳ የሚኖረው ከሥሩ ደም ሲያገኝ ነዋ! ባዶ አጥንት ደግሞ አይሰጠውም።

እ.ኤ.አ. በ1777 አሜሪካዊው ሰፋሪ ጄምስ ሮበርትሰን፣ በጦርነት የራስ ቆዳቸው የተገፈፈ ሰዎችን ማከሚያ ዘዴ ከአንድ ሐኪም ተማረ፦ የአጥንቱን የላይኛውን ንጣፍ በወስፌ ብዙ ቦታ መብሳት። በቀዳዳዎቹ ቀይ ሥጋ ብቅ እያለ አጥንቱን ያለብሰዋል። ይሠራል፤ ግን ረጅም ጊዜ ይፈጃል።

በ1967 በኮሎምቢያ ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ሚጌል ኦርቲኮቼያ ሌላ ዘዴ አሳተመ። የተረፈውን የራስ ቆዳ አራት ቦታ ከፍሎ፣ ደም ሥሮቹን ሳይበጥስ ያነሣዋል፤ የማይለጠጠውን የውስጥ ሽፋን ጫር ጫር አድርጎ ይዘረጋውና ቁስሉን ይሸፍንበታል። በ1971 ቁራጮቹን ወደ ሦስት አወረዳቸው። እንዲህ ያለው ቆዳ ደሙን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ፀጉሩም አብሮት ይመጣል።