የደሴት ወፎችና የጅማ ቡና

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በመልኩ ሁለት፣ በምሥጢሩ ግን አንድ ነው። አንደኛው በውቅያኖስ መካከል በደሴት ላይ ስለሚኖሩ ወፎች፣ ሁለተኛው በጅማና በአካባቢዋ ባሉት የቡና ከተሞች ዙሪያ ስለሚበቅለው ቡና ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ሞሪሸስ በምትባለው ደሴት፣ በሌላ አገር የማይገኝ አንድ የጭልፊት ወገን ይኖራል። ደኑ በመመንጠሩ፣ ለተባይ ማጥፊያ በተረጨው መርዝና ሰው ከውጭ ባስገባቸው እንስሳት ምክንያት ቁጥሩ እየመነመነ ሄዶ፣ በ1974 ዓ.ም. በዱር መኖራቸው የታወቀው አራት ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ በብዙ ድካም ተራብተው እንደገና መቶዎች ሆኑ። ነገር ግን ሊቃውንት በቤተ መዘክር ከተቀመጡት ከቀድሞዎቹ ወፎች ጋር ሲያስተያዩአቸው፣ የኋለኞቹ ከአንድ ጥንድ የወረዱ ስለ ሆኑ ዘራቸው እጅግ የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ ተመለሰ፤ የጠፋው የዘር ልዩ ልዩነት ግን አልተመለሰም።

ይህ ምን ጉዳት አለው የሚል ጠያቂ ቢኖር፣ መልሱ እንዲህ ነው። በአንድ ወገን ውስጥ ያሉ ፍጥረታት ባሕርያቸው ልዩ ልዩ ሲሆን፣ አንዱ በሽታን ይችላል፤ ሌላው ድርቅን ይታገሣል። ስለዚህ መቅሠፍት በመጣ ጊዜ አንዳንዱ ቢወድቅ ሌላው ይተርፋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን አንዱን የሚጥለው ነገር ሁሉንም ይጥላል።

አሁን ወደ ቡናችን እንመለስ። ዓለም ዓረቢካ ብሎ የሚጠራው ቡና ስሙ የዓረብ ይሁን እንጂ፣ የትውልድ ስፍራው በተለይ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። ከዚህ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በ15ኛው መቶ ዓመት በየመን ይለማ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሆላንዶች ወደ ጃቫ ደሴት ወሰዱት። በ1706 ዓ.ም. አንድ ተክል ከጃቫ ወደ አምስተርዳም የአትክልት ስፍራ ተላከ፤ በ1714 ዓ.ም. ከዚያ የተገኘ ችግኝ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ገጸ በረከት ሆኖ ቀረበ። የዚሁ ዘር ወደ ካሪቢያን ደሴቶችና ወደ ደቡብ አሜሪካ ተዛመተ። ፈረንሳዮችም በበኩላቸው ከየመን ሌላ ዘር አምጥተው በቡርቦን ደሴት ተከሉ፤ ይህችም ደሴት ዛሬ ሬዩኒዮን የምትባለው የሞሪሸስ ጎረቤት ናት።

እንግዲህ ልብ እንበል። በብራዚል፣ በኮሎምቢያና በመካከለኛው አሜሪካ የተንሰራፋው የዓረቢካ እርሻ አብዛኛው የተወለደው ከእነዚህ ከጥቂት እናት ተክሎች ነው። በዚያም ላይ የዓረቢካ ቡና በአመዛኙ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል በመሆኑ ልጁ እናቱን ይመስላል። ስለዚህ ቡና እጅግ ሰፊ መሬት ቢይዝም፣ በዘሩ ረገድ ግን የደሴት ወፍ ሆኖ ነበር።

የዚህም ዕዳ ሳይከፈል አልቀረም። በ1869 ዓ.ም. የቅጠል ዋግ በሴሎን ደሴት፣ ማለት በዛሬይቱ ስሪላንካ ታየ፤ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥም የቡናው እርሻ ጠፍቶ ደሴቲቱ ወደ ሻይ ተክል ዞረች። ይኸው በሽታ በ1970 ዓ.ም. ብራዚል ደረሰ። የዓለም ሊቃውንትም ዓይናቸውን ወደ ቡና እናት አገር መለሱ፤ በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ቡድን ኢትዮጵያ መጥቶ የቡና ዘር ሰበሰበ።

የእኛም የፈተና ቀን ሩቅ አልነበረም። በ1971 ዓ.ም. ጮርቃ አድርቅ የሚባለው በሽታ በአገራችን ታየ። ይህ በሽታ ፍሬውን ገና ለጋ ሳለ አጥቁሮ ያደርቀዋል። ያን ጊዜ በ1967 ዓ.ም. በጅማ አጠገብ በመልኮ የተቋቋመው የምርምር ጣቢያ ነበረ። ተመራማሪዎች በየደኑና በየገበሬው ማሳ እየዞሩ፣ በታመሙት መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን ዛፎች ፈለጉ፤ ዘራቸውንም ወስደው በበሽታው ፈተኑት። ገበሬው ዛሬ 74110 እና 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ዘሮች በ1974 ዓ.ም. ከኢሉባቦር ከመቱ አካባቢ የተመረጡ ናቸው። ደናችን አንድ ዓይነት ቡና ብቻ ይዞ ቢሆን ኖሮ፣ የሚመረጥ ባልተገኘም ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ ሀብት ዛሬ በሁለት ወገን ተይዟል። ደኑ ለእርሻ፣ ለጫትና ለባሕር ዛፍ እየተቈረጠ፣ የጫካ ቡና በማሳ መካከል እንደ ደሴት ተነጥሎ የሚቀርበት ቦታ በዝቷል። በሌላ በኩል የተመረጡት ዘሮች ራሳቸው የጥንቱን ዛፍ እየተኩ ይሄዳሉ፤ ንብም የአበባቸውን ዱቄት ወደ ጫካው ቡና ታደርሳለች። ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም፤ ልጆቹን የሚያሳድገው ከሚያፈራ ዛፍ ነውና።

የቡና ዘር እንደ ስንዴና እንደ ገብስ ደርቆ ለብዙ ዘመን በጎተራ አይቀመጥም። ስለዚህ መጠበቅ ያለበት በሕይወት ነው። በአጋሮ አቅራቢያ በጮጬ በሺህ የሚቆጠር የቡና ዓይነት በመስክ ተተክሎ ይጠበቃል፤ የያዩና የካፋ ደኖችም በ2010 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ነገር ግን በ2019 ዓ.ም. የወጣ ጥናት፣ ከ124 የዱር ቡና ወገኖች 75ቱ ለጥፋት የተጋለጡ መሆናቸውን አስታውቋል፤ ዓረቢካም ከእነዚሁ አንዱ ነው።

ውድ አድማጮች፤ ከእናንተ ብዙዎቹ ስለ መሬት የሚጻፈው ደብዳቤ በጠረጴዛቸው የሚያልፍ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ደን እንዲመነጠር ማመልከቻ ሲቀርብ በወረቀቱ ላይ የሚታየው የሄክታር ቁጥር ነው፤ በዚያ ውስጥ ያለው፣ ገና ላልመጣ በሽታ መድኀኒት የሚሆነው ዛፍ ግን በመዝገብ አልሰፈረም። ዛፉ ከተቈረጠ በኋላ የሚደረገው ፍለጋ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ይሆናል። ስለዚህ ፊርማችንን ከማኖራችን በፊት፣ በዚያ ደን ውስጥ የበቀለው ምን እንደ ሆነ እንጠይቅ።