የድንጋጤ ምርምር ታሪክ፦ ከድመት ጨጓራ እስከ ሰው ሐሳብ

ድንጋጤ ልብን እንደሚያስመታ፣ አፍን እንደሚያደርቅና አንጀትን እንደሚያላውስ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። አማርኛም ቂሙንና ኀዘኑን፣ ፍርሃቱንም ሳይቀር በሆድ ማኖሩ ይህንኑ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ የነገሩ አሠራር በቤተ ሙከራ የተመረመረው በቅርቡ ነው።

አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን በሃርቫርድ የሕክምና ተማሪ ሳለ፣ በ1890ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.)፣ ቢስመዝ የተቀላቀለበት ምግብ ለድመቶች እያበላ የጨጓራቸውን እንቅስቃሴ በራጅ ይከታተል ነበር። እንስሳቱ በታወኩ ጊዜ ጨጓራቸው ቀጥ ይላል፤ ሲረጋጉ እንደገና ይንቀሳቀሳል። ለሥራው እንቅፋት የመሰለው ይህ ነገር ውሎ አድሮ ዋናው ጥያቄ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1911 ካነንና ባልደረባው ደ ላ ፓዝ ውሻ ከጮኸባቸው ድመቶች በተወሰደ ደም ውስጥ የአድሬናል ዕጢ ፈሳሽ መኖሩን አሳዩ። በ1915 በታተመው መጽሐፉም ካነን፣ አካል አደጋ ሲያይ ለመታገል ወይም ለመሸሽ እንደሚሰናዳ አብራራ፦ ልብ ይፈጥናል፣ ስኳር ከጉበት ወደ ደም ይገባል፣ ደምም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ያደላል።

በቪየና የተወለደው ሀንስ ሴልዬ በሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ያተኮረው ረዘም ባለው ሥቃይ ላይ ነው። አዲስ ሆርሞን ሲፈልግ በአይጦች ላይ ሦስት ምልክቶች አገኘ፤ የአድሬናል ዕጢ ያብጣል፣ ታይመስ ይኮማተራል፣ ጨጓራ ይቆስላል። ብርድም ሆነ ቁስል፣ ከልክ ያለፈ ድካምም ሆነ መርዝ ያመጣው ያንኑ ነበር። ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1936 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አወጣ፤ ሂደቱንም በማስጠንቀቂያ፣ በመቋቋምና በመዛል ደረጃዎች ከፈለው። ዛሬ ውጥረት የሚባለው ሐሳብ ከዚህ ተወለደ።

ሴልዬ ግን የሐሳብን ድርሻ አሳንሶ ነበር። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ጆን ሜሰን ጦጣዎችን አስርቦ መረመረ። ጎረቤቶቻቸው ሲበሉ እያዩ የተራቡት የውጥረት ሆርሞናቸው ጨመረ፤ ጉልበት የማይሰጥ የምግብ አምሳያ የተሰጣቸውና ከዚያ ሁከት የተገለሉት ግን ያን ያህል አልታየባቸውም። ዕጢውን ያነሳሳው ከረሃቡ ይልቅ ስጋቱ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ታሪክ ለባለሙያ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ዛቻው በዓይን የሚታይ ይሁን በሐሳብ የሚኖር፣ አካል የሚመልሰው መልስ ተመሳሳይ ነው። በመሆኑም በምርመራ ምንም ያልተገኘበት ሕመምተኛ «ምንም የለብህም» ተብሎ ቢሸኝ፣ የልቡ መምታትና የሆዱ መታወክ አብሮት ይመለሳል። ምን እንደሚያሰጋው መጠየቅ የምርመራው አንድ ክፍል ነው።