ከድማሚት እስከ እስትንፋስ

አባቴ የልብ ሕመምተኛ ናቸው። ደረታቸውን ሲያስጨንቃቸው ከምላሳቸው ሥር የሚያደርጓት ትንሽ ክኒን ከኪሳቸው አትለይም። በ2013 ዓ.ም. ኮሮና ይዟቸው በኦክስጅን ሲረዱ፣ «ልጄ፣ ይህች ክኒን ልቤን ካሳረፈች ለሳንባዬስ ስለ ምን አትበጅም?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከሒሳብ መዝገብ ሌላ የማላውቅ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ክኒኗን ልሰጣቸው እጄን ዘረጋሁ። ነርሷ ደርሳ ከለከለችኝ። ምክንያቱን ያኔ አልጠየቅኋትም፤ ኋላ በንባብ ደረስሁበት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የክኒኗ መድኃኒት ናይትሮግሊሰሪን ይባላል። በ1847 ጣሊያናዊው ኬሚስት አስካኒዮ ሶብሬሮ በቱሪን ከተማ ሠራው፤ ቢቀምሰው ራሱን ክፉኛ አመመው። ስዊድናዊው አልፍሬድ ኖቤል ይህንኑ ፈሳሽ ገርቶ በ1867 ድማሚት አደረገው። በ1879 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም መረል ለልብ ሕመም እንደሚበጅ ጻፈ። ኖቤል ራሱ በኋለኛው ዕድሜው ልቡን ሲታመም ሐኪሞቹ ያዘዙለት ይህንኑ ነበር።

እንዴት እንደሚሠራ ግን መቶ ዓመት ያህል የሚያውቅ አልነበረም። በ1977 ፌሪድ ሙራድ ናይትሮግሊሰሪንና መሰሎቹ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ እንደሚለቁ አሳየ። በ1980 ሮበርት ፈርችጎት የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ሥሩን የሚያላላ መልእክት እንደሚልክ ደረሰበት፤ በ1986 እሱና ሉዊስ ኢግናሮ መልእክተኛው ያው ጋዝ ነው አሉ። በ1998 ሦስቱም ተሸለሙ፤ ሽልማቱም የድማሚቱ ባለቤት የኖቤል ነበር!

ታዲያ ለሳንባስ? ጋዙ በአየር ሲሳብ የሚደርሰው አየር ወደሚገባበት የሳንባ ክፍል ብቻ ነው፤ በዚያ ያሉትን ደም ሥሮች ያሰፋል፤ ደምም ኦክስጅን ወዳለበት ያመራል። ክኒኗ ግን በደም ተጉዛ ሥሩን ሁሉ ሳትመርጥ ታላላለች፤ በሕመም አየር ወዳጣው ክፍልም ደም ይፈስሳል፤ ኦክስጅን ሳይዝ ባዶውን ይመለሳል። የደም ግፊትንም ትጥላለች።

ጋዙ ራሱም ሁለት መልክ አለው። በ2004 የታተመ የቤይጂንግ ጥናት፣ ሳርስ የያዛቸው ጥቂት ሕሙማን ጋዙን ሲስቡ ኦክስጅናቸው መሻሻሉን ዘገበ፤ በ2005 ደግሞ የቫይረሱን መራባት እንደሚገታ በቤተ ሙከራ ታየ። ነገር ግን የጃፓን ተመራማሪዎች በ1996 በኢንፍሉዌንዛ በተያዙ አይጦች እንዳሳዩት፣ ሰውነት ከልክ በላይ ሲያመርተው ያንኑ ሳንባ ይጎዳል። ከ2020 ጀምሮም ለኮሮና ሕሙማን ተሞከረ፤ የአንዳንዶቹን ኦክስጅን ቢያሻሽልም ሞትን መቀነሱ በማያጠራጥር መንገድ አልተረጋገጠም።

አባቴ ድነዋል። ይህን ሳነብላቸው ክኒኗን ከኪሳቸው አውጥተው ጥቂት አዩዋትና፣ «ያችን ነርስ አመስግነሃታል?» አሉኝ። አላመሰገንኋትም ነበር።